ሳሪስ ውጭ ለሚያድሩት፦ ክረምቱ ገብቷል፣ ተነጋግረን እንሥራ

የሳሪሱ ልጅ
ሰላም ሰፈርተኞች። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጀምሯል። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወደ ዋናው አስፋልት ማታ የሚወርድ ሰው የማወራውን ያውቀዋል። የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው የሚተኙ አሉ። ላስቲክ ወጥረው ልጅ ይዘው የሚኖሩ አሉ። ከአምናው በዝተዋል፣ ቢያንስ ለኔ ዓይን።

ይህን የምጽፈው ሰው ለማሳዘን አይደለም። ሰፈራችን ደግ ነው፣ ማንም አይክደውም። ችግሩ ደግነታችን ሁሉ አንድ ቀን ላይ መከመሩ ነው። ወር በገባ በ5 የአቦ ዕለት በሩ ላይ እንጀራው ተርፎ ይደፋል። በ6 ጠዋት እዚያው ቦታ ልጆች የሆቴል ትርፍራፊ ሲሻሙ ታያላችሁ። ፋሲካ፣ አረፋ፣ አዲስ ዓመት እንደዚያው ነው። ብርድ ልብስም ያው። ባለፈው ክረምት አንዱ ሽማግሌ ከተለያየ ቡድን ብርድ ልብስ ተደራርቦ ሲሰጠው ከጎኑ ያለችው እናት አንድም አላገኘችም። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። አንዱ ቡድን ሌላው ምን እንደሰጠ አያውቅም።

እድሩ አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አለ፣ የመስጊዱ ወጣቶች አሉ፣ ሆቴሎች አሉ፣ ውጭ አገር ያላችሁ አላችሁ። ማን ምን ማድረግ ይችላል? እዚሁ ጻፉ።

ባለ ሱቋ
ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ ሱቄን የምዘጋው ሦስት ሰዓት ላይ ስለሆነ በረንዳዬ ላይ ማን እንደሚተኛ አውቃለሁ። ሰው "ጎዳና ያሉት" ሲል ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል እንጂ አንድ አይደሉም። አንዳንዶቹ ሠራተኞች ናቸው። ቀን ሙሉ ጡብና ሲሚንቶ ሲሸከሙ ውለው ለቤት ኪራይ ስለማይበቃቸው ነው ውጭ የሚያድሩት። ሊስትሮዎቹ ደግሞ ማታ ማታ ብራቸውን እኔ ጋ ያስቀምጣሉ፣ ምክንያቱም ተኝተው ይዘረፋሉ። ደብተር አለኝ። ስም አልጽፍም፣ ምልክት ነው የምጽፈው፤ "ባለ ቀይ ኮፍያው"፣ "ትንሹ"፣ "ሳቂታው"። ትንሹ የገና ሰሞን አጠራቅሞ ለእናቱ ጫማ ልኳል። ይሄ ልጅ ዳቦ አይደለም የሚያስፈልገው፣ በሩ የሚቆለፍ አዳር ነው የሚያስፈልገው።

አልተዋጠልኝም
ልንገራችሁ፣ አትቀየሙኝ። ባበላችሁ ቁጥር ይመጣሉ። ሌላው ሰፈር ሰምቶ ወደኛ ይጎርፋል። የመኪናዬ ስፖኪዮ ሁለቴ ተነቅሏል። ማታ ሚስቴ ከታክሲ ወርዳ ቤት እስክትገባ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው። ማስቲሽ የሚስቡት ልጆች ጋ ደግሞ ምን ብለህ ታወራለህ? ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው። ፖሊስ ያንሳቸውና ማዕከል ያስገባቸው።

ከጎዳና የወጣሁ
አልተዋጠልኝም፣ የሚስትህ ነገር ገብቶኛል፣ በሱ አልከራከርህም። ግን አንድ ነገር ልበል፣ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ጎዳና ላይ ነው ያደግኩት።

ማንም ለዳቦ ብሎ ሰፈር አይቀይርም። ሰፈር የምትቀይረው ወይ ስለሚያባርሩህ ወይ ሥራ ስለምታገኝ ነው። ሳሪስ የሚመጡት ጭነት ማውረድ ስላለ፣ ፋብሪካና መጋዘን ስላለ፣ ቃሊቲ መናኸሪያም ቅርብ ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና መንገዶች ሲሠሩ እዚያ በረንዳ ላይ ያድር የነበረው ሰው አልጠፋም፣ ወደ ውስጥ ሰፈር ነው የገባው። ለዚያ ነው የበዛ የመሰላችሁ።

"ማንሳት" ያልከውን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ። አፈሳ ነው የምንለው። ሌሊት መኪና ይመጣል፣ ይጭኑሃል፣ ከከተማ ውጭ የሆነ ቦታ ትውላለህ ታድራለህ፣ ከዚያ በእግርህ ትመለሳለህ። ስትመለስ ካርቶንህም፣ ሳጥንህም፣ ያስቀመጥካት ብርም የለም። ከዜሮ በታች ነው የምትጀምረው። የሊስትሮ ሳጥኑን ያጣ ልጅ በማግስቱ ምን ይሠራል ብለህ ትጠብቃለህ? ያንተን ስፖኪዮ ነዋ።

አልተዋጠልኝም
እሺ ገባኝ። ግን አሁንም መልስ አልሰጣችሁኝም። ካበላን በኋላስ? ዕድሜ ልካችንን ወጥ ስንሠራ ልንኖር ነው?

ነርስ ነኝ
ጥያቄው ትክክል ነው። ምግብ መነሻ እንጂ ሥራው አይደለም።

እኔ ከሕክምናው ወገን ልናገር። ፔርሙዝ ፋብሪካ... ይቅር፣ ቦታውን አልጠራም። አንዲት ሴት አለች፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፣ ሁሌ ከራሷ ጋር የምታወራ። ሰው ምግብ ይሰጣታል፣ ልብስ ይሰጣታል፣ ልብሱን ቀዳ ትጥለዋለች፣ ሰውም "እምቢ አለች" ብሎ ይተዋታል። እሷ ታማ ነው። ለሷ ብርድ ልብስ ሳይሆን አማኑኤል ሆስፒታል የሚወስዳት ሰው ነው የሚያስፈልገው። አማኑኤል ብቻ አይደለም፣ የካ ኮተቤም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፣ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም ክፍል አላቸው።

ግን እዚህ ላይ ነው ሁሌ የሚበጠሰው። ታካሚ ይዘህ ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው "አስታማሚው ማነው?" ነው። አስታማሚ የሌለው ሰው አልጋ ማግኘቱ ከባድ ነው። መድኃኒት ጀምሮ ቢወጣም በወሩ ቀጠሮ አለው፣ ቀጠሮውን የሚያስታውሰው የለም፣ መድኃኒቱ ያልቃል፣ ሕመሙ ያገረሻል፣ ሰዉም "ሞክረን ነበር አልተሳካም" ይላል። አልሞከርንም። አንድ ቀን ወስደናት አንድ ቀን ተመለስን።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ ለያንዳንዱ በጠና ለታመመ ሰው የታወቀ አንድ "ዘመድ" ከሰፈር ይመደብ። ሁለት ቢሆኑ ይሻላል፣ አንዱ ሲታመም ወይ ሲሰለች ሌላው አለ። ሥራቸው ቀጠሮ ማስታወስ፣ አብሮ መሄድ፣ መድኃኒቱን መያዝ ነው፣ ሌላ ነገር አንጠይቃቸውም።

የሳሪሱ ልጅ
ነርሷ፣ ያልሽውን ከፍ ብሎ እንዲታይ አድርጌዋለሁ። መቄዶንያስ? ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው "ለመቄዶንያ ደውሉ" ነው።

ነርስ ነኝ
መቄዶንያ ትልቅ ሥራ ነው የሚሠራው። በቢኒያም በለጠ ተጀምሮ እዚህ የደረሰ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይዟል። ጌርጌሴኖንም በአእምሮ ሕሙማን ላይ ይሠራል። ግን ሁሉም ሰፈር "እነሱ ይውሰዱ" ካለ የት ያደርሷቸዋል? አልጋ እስኪገኝ ድረስ ያሉትን ሳምንታት ሰውየው የሚኖረው እኛ ጋ ነው። ደግሞ ሁሉም ሰው ማዕከል መግባት አይፈልግም፣ መግባትም የለበትም። የባለ ሱቋ ሊስትሮ መቄዶንያ ምን ይሠራል?

የእድር ጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። የምትጽፉትን የልጅ ልጄ አሳይታኝ ነው። ጽሑፉን እሷ ናት የምትመታው፣ ስህተት ቢኖር የሷ ነው።

እድራችን ምን አለው ላላችሁት፣ ሦስት ድንኳን አለን፣ አንዱ ጥላው ተቀዷል ግን ይሰፋል። ትልልቅ ድስት፣ ጎላ፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ይሄ ሁሉ ለቅሶ ከሌለ መጋዘን ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። በ2012 በኮሮናው ጊዜ ማዕድ ማጋራት ሲባል አውጥተን ነበር፣ ዱቄትና ዘይት ሰብስበን ለአቅመ ደካማ አከፋፍለናል። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሆኖም ደንብ አለ። የእድር ገንዘብ ለቀብርና ለለቅሶ የተዋጣ ነው። አባሉ ሳይስማማ አንዲት ብር ከዚያ ላይ ቢነሳ በሚቀጥለው ስብሰባ እኔን ነው የሚቀብሩኝ። ዕቃውን ግን በኮሚቴ ውሳኔ ማዋስ እንችላለን። በዚያ ላይ የሚፈርም ሰው እፈልጋለሁ። የሄደ ሳህን ተመልሶ አይመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ባለፈው ዓመት በረንዳ ላይ ያረፈውን ሰውዬ የቀበረው ይህ እድር ነው። አባል አልነበረም። ሰው በቁሙ ሳለ አላወቅነውም፣ ሲሞት ድንኳን ጣልንለት። አባላቱ በሚቀጥለው ጉባኤ እንዲነጋገሩበት አጀንዳ አስይዣለሁ።

ባለ ሱቋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ሳህኑን እኔ እፈርማለሁ። የጎደለውን ከሱቄ ይቁረጡ።

ዲሲ ያለሁ
ሰላም። ሳሪስ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን ዋሽንግተን ዲሲ መጠለያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሌሊት ፈረቃ። ያለኝን ልወርውር።

አሜሪካ ሀብታም ናት ብላችሁ ችግሩ የለም እንዳትሉ። በጥር 2024 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በአንድ ሌሊት ቆጠራ፣ አገሪቱ ውስጥ ቤት የሌላቸው 771,480 ሰዎች ነበሩ። ከነሱ ውስጥ አበሻም አለ። እኛ ጋ ማታ ሲገቡ ስማቸውን ሰምቼ በአማርኛ ሰላም የምላቸው አሉ፣ አንዳንዶቹ ደንግጠው "እባክህ ለማንም እንዳትናገር" ይሉኛል። ማንም ቤተሰቦቹ እንዲያውቁ አይፈልግም።

ከዚህ የተማርኩት ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቁጥር አይረዳም፣ ዝርዝር ነው የሚረዳው። ሂዩስተን የሚባለው ከተማ ከ2011 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ድርጅቶቹ ሁሉ አንድ ዝርዝር ይዘው፣ ማን የት ደረሰ፣ ማን ምን ይጎድለዋል እያሉ በአንድ ጠረጴዛ ስለሠሩ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ነበር የሚያየው፣ ልክ እናንተ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳላችሁት።

ዲሲ ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ብርድ፣ ሙቀቱ ዜሮ ሲደርስ ከተማው መጠለያ የመስጠት የሕግ ግዴታ አለበት። አዲስ አበባ በረዶ የለም፣ ግን የሐምሌ ሌሊት እርጥብ ልብስ ለብሶ ውጭ ማደር ቀልድ አይደለም። ቢያንስ ከባድ ዝናብ ለሚጥልበት ሌሊት ብቻ የሚከፈት አንድ ደረቅ ቦታ ብታዘጋጁ ትልቅ ነገር ነው። እኛ እዚህ ያለን የሰፈር ልጆች ብር እናዋጣለን።

አልተዋጠልኝም
ሂዩስተን የሚሰጠው ቤት አለው ወንድሜ። ኪራዩን የሚከፍል መንግሥት አለው። እዚህ ዝርዝር ይዘህ የት ታስገባቸዋለህ? እኔ ራሴ ኪራይ ሊጨምርብኝ ሲል ነው የኪራይ አዋጁ የወጣልኝ።

ደሞ ብር ይላካል ካላችሁ ኮሚቴ ይመጣል፣ ኮሚቴ ከመጣ ማኅተም ይመጣል፣ ማኅተም ከመጣ ጠብ ይመጣል። አይተነዋል።

ዲሲ ያለሁ
ኪራዩ ላይ ልክ ነህ፣ ያለ ቤት ዝርዝር ብቻውን አያድንም። ብሩም ላይ ልክ ነህ። እንግዲያው ለማንም በጥሬ አንልክም። ነርሷ የምትለውን መድኃኒት፣ የላዳ ሒሳብ፣ የአዳር ኪራይ፣ እንዲህ የታወቀ ነገር ንገሩን፣ ለዚያ ብቻ እንክፈል። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ እዚህ ለጥፉ፣ በቃ።

ከጎዳና የወጣሁ
ዝርዝር የምትሉትን እፈራዋለሁ። እውነቴን ነው። እኛ ስማችንን ለሚጽፍ ሰው ሌላ ስም ነበር የምንሰጠው። ጽፎ የሄደ ሰው ሁሌ የሆነ ነገር ይከተለው ነበር፤ ወይ አፈሳ ነው፣ ወይ ፎቶ አንስቶ የሚለምንብህ ነው። ይሄ ዝርዝር ወረቀት ሆኖ ከእጅ እጅ ከዞረ አንድ ቀን ማታ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው እጅ ይገባል።

የሳሪሱ ልጅ
ታዲያ ምን ይሻላል?

ከጎዳና የወጣሁ
የባለ ሱቋ ደብተር ይሻላል። "ባለ ቀይ ኮፍያው"። ሙሉ ስም የለ፣ የመጣበት የለ፣ ፎቶ የለ። እሷ ታውቀዋለች፣ እሱም ያምናታል፣ ብሩን እሷ ጋ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ከጎኑ ላይ ብቻ የሚጎድለውን ጻፉ። ቀጠሮ አለው፣ መታወቂያ የለውም፣ ወደ አገሩ መመለስ ይፈልጋል። ሙሉ ስም የሚያስፈልገው ሐኪም ጋ ወይ ወረዳ ሲኬድ ነው፣ ያኔ ራሱ ይናገር።

እና አደራ፣ ካሜራ ይዞ የሚመጣ አይግባ። እንጀራ ሲሰጥ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ካለ እኔ የለሁበትም።

ባለ ሱቋ
ደብተሩ እኔ ጋ ይሁን። ወንዱም ሴቱም እኔን ያውቁኛል። ግን ሁለተኛ ሰው ስጡኝ፣ እኔ አገር ቤት ስሄድ ሱቁ ይዘጋል።

የሁለት ልጆች እናት
ሴቶቹን ረሳችኋቸው። ሁሌ እንደዚህ ነው። ላስቲክ ውስጥ ሕፃን ይዛ ያለችውን አናግሬያታለሁ። ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፣ ስታረግዝ አባረሯት። ወደ አገሯ መመለስ አትፈልግም፣ "እንዲህ ሆኜ አላያቸውም" ነው የምትለው። ማታ እንቅልፍ አትተኛም፣ ቀን ነው የምትተኛው፣ ሕፃኑን ጭና። ለምን እንደሆነ ሴት የሆነ ሰው ይገባዋል።

ስለዚህ ደረቅ ቦታ ስታስቡ ወንድና ሴት አንድ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ለሴቶቹ ተቆልፎ የሚታደርበት ክፍል ይፈለግ፣ የሴት ጠባቂ ይኑረው። ከተማው ለነገዋ የሚባል የሴቶች ተሃድሶና ክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል ከፍቷል፣ ጎዳና ላይ ላሉትም ይሠራል፣ እሱንም በወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ በኩል መጠየቅ ይቻላል። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ብቻዋን ከላክናት በሩ ላይ ትመለሳለች። ከተስማማች ነው እንጂ አላስገድዳትም።

ረዳቱ
ሰላም ነው። ከቃሊቲ መገናኛ የምሠራ የታክሲ ረዳት ነኝ። እናንተ ያላያችሁት አንድ ነገር አለ። አዲስ የሚመጡ ልጆች። ከደቡብ የሚገባው አውቶቡስ ቃሊቲ ነው የሚያራግፈው። አንዳንዱ ልጅ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ፌስታል ይዞ ዙሪያውን ያያል። "የት ነው የምትሄደው" ስትለው "ወንድሜ ጋ" ይልሃል፣ ወንድሙ ስልክ የለውም። ማታውኑ እዚህ በረንዳ ላይ ነው።

እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ካገኘሃቸው ይመለሳሉ። ማልቀስ ይፈልጋሉ፣ ቤታቸውን ይናገራሉ። ሁለት ሳምንት ካደሩ ግን ከትልልቆቹ ጋር ገጥመዋል፣ ማስቲሹንም ቀምሰዋል፣ ከዚያ "አልመለስም" ነው። እኔና ጓደኞቼ አዲስ ልጅ ካየን የምንደውልለት አንድ ሰው ስጡን። እኛ ሥራ ትተን መቆም አንችልም፣ ግን እንደውላለን።

ከጎዳና የወጣሁ
ይሄ ሰውዬ ልክ ነው። ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ማታ ብትደውልም አነሳለሁ። ልጁን ግን እኔም ቤት አላሳድረውም፣ አንተም አታሳድር፣ ለልጁም ለእኛም ጥሩ አይደለም። በቀጥታ ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ወይ ከቤተሰብ ለሚያቀላቅል ድርጅት ነው የሚሰጠው። ሌሊት ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ካለ እዚያ፣ እኔ አብሬው እቀመጣለሁ። ዝም ብሎ ተሳፈር ብሎ መላክም አይሆንም። የሸሸው ከዱላ ሊሆን ይችላል።

አልተዋጠልኝም
ይሄኛው ተዋጠልኝ። ፒክአፕ አለኝ፣ ዕቃ ለማመላለስ ቅዳሜና እሑድ እችላለሁ። መታወቂያ ግን እንዴት ነው የምታወጡላቸው? ያለ መታወቂያ ሥራም ኪራይም የለም።

የሳሪሱ ልጅ
እሱን ትንሽ አጣርቻለሁ። የቀበሌ መታወቂያ ከመጣበት ቦታ መሸኛ ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ መሸኛ የላቸውም፣ ለማምጣት ደግሞ ትራንስፖርት ያስፈልጋል። በፋይዳ በኩል ግን ቀዳዳ አለ። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ምስክሩ ራሱ የተመዘገበ መሆን አለበት። ምስክር መሆን የምትፈልጉ፣ የምትመሰክሩለትን ሰው በደንብ የምታውቁት ይሁን። ባለ ሱቋ ለሊስትሮዎቹ፣ ነርሷ ለታማሚዎቿ፣ እንደዚያ። ፋይዳ የቀበሌ መታወቂያን አይተካም፣ ግን ባንክ ደብተር ማውጣት ላይ ይረዳል፣ ብሩም ከባለ ሱቋ መሳቢያ ይወጣል።

ባለ ሱቋ
ተገላገልኩ በለኛ። አይጥ እንዳይበላብኝ ስፈራ ነው የከረምኩት።

ነርስ ነኝ
የጤና መድኑም አለ። መክፈል የማይችሉትን ወረዳው ይሸፍናል፣ ግን የወረዳው ነዋሪ መሆን አለባቸው። ዞሮ ዞሮ መታወቂያ ላይ ነው። ለአሁኑ ጤና ጣቢያ የሚሄዱበትን ሒሳብ ዲሲዎቹ ቢይዙልን።

ዲሲ ያለሁ
ተይዟል።

የመስጊዱ ጎረቤት
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ዘግይቼ ነው ያየሁት። በረመዳን እኛም ጋ ማፍጠሪያ ይተርፋል፣ ሌላው ጊዜ ጭር ነው። እኛ ማክሰኞና ሐሙስ እንያዝ። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ረቡዕና ዓርብ የጾም ይሥሩ፣ እነሱ ያውቁበታል። እሑድን ሆቴሎቹ ይያዙት። ሰኞና ቅዳሜ ክፍት ናቸው። የምገባ ማዕከል የሚደርስ ሰው ካለ እዚያ ይብላ፣ ከ2013 ጀምሮ ከተማው ተስፋ ብርሃን ብሎ የከፈታቸው አሉ፣ በቀን አንዴ ያበላሉ። እኛ እዚያ መሄድ ለማይችሉት፣ ለታመሙትና ለአረጋውያኑ፣ ማታውን ብንሸፍን ነው የሚሻለው። አንድ ሰው ምሳ ተስፋ ብርሃን በልቶ እኛ ጋ ምሳ ቢደገምለት ምን ዋጋ አለው?

የእድር ጸሐፊ
የተከበራችሁ፣ እኔ ሰኞን ለእድሩ ሴቶች ጠይቄያለሁ፣ እሺ ብለዋል። ግን እንጨቱን አዋጡ ብለዋል።

ከጎዳና የወጣሁ
ድሮ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ሆፕ ኢንተርፕራይዝ የምግብ ቲኬት ይሸጥ ነበር። ሰው ቲኬት ገዝቶ ለለማኝ ይሰጣል፣ ያ ሰው ሄዶ በቲኬቱ ይመገባል። እኔ በዚያ ቲኬት በልቻለሁ። ጥሩነቱ፣ ስትበላ ማንም ቆሞ አያይህም፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው። ሆቴሎቹ እሑድን ከያዙ እንደዚህ ቢያደርጉት። በር ላይ ከፌስታል ውስጥ አትስጡን፣ ማለቴ አትስጧቸው። ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይበቃል።

ባለ ሆቴል
እኔ ጠረጴዛው ይከብደኛል፣ እውነት ለመናገር። ደንበኛ ይሸሻል። ከጓሮ በኩል ግን በረንዳ አለ፣ አግዳሚ ካመጣችሁልኝ እዚያ በሳህን አቀርባለሁ። እጅ መታጠቢያም አለ። ትርፍራፊ አይደለም፣ ከድስቱ ነው የማወጣው። ለሃያ ሰው፣ ከዚያ በላይ አልችልም።

ከጎዳና የወጣሁ
ከጓሮም ይሁን። ሳህን ካለ ይሁን።

የሁለት ልጆች እናት
የዝናቡ ሌሊት ቦታስ? ሁላችሁም ምግብ ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ።

የሳሪሱ ልጅ
ለወንዶቹ የእድሩ ድንኳን፣ ቦታው መጋዘኑ ፊት ያለው ግቢ ውስጥ። ወለሉ ጭቃ ስለሚሆን የቡና ቤት ሣጥንና ፓሌት እየሰበሰብን ነው። ለሴቶቹ የእድር መሰብሰቢያ ክፍሉ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ። ጋሼ ቁልፉን ለሁለት ሴቶች እንጂ ለወንድ አልሰጥም ብለዋል፣ ልክ ናቸው። ወረዳውንም አሳውቀናል፣ በደብዳቤ፣ እድሩ በማኅተሙ። አልተዋጠልኝም፣ ማኅተም ከመጣ ምን ይመጣል ነበር ያልከው?

አልተዋጠልኝም
ገና ነው፣ ጠብቅ።

ከጎዳና የወጣሁ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ድንኳኑ። ማስቲሽ የሳበ አይገባም የሚል ሕግ እንዳታወጡ። ያኔ በጣም የሚበርዳቸው ናቸው ውጭ የሚቀሩት። ማስቲሹን በር ላይ ያስቀምጥ፣ ጠዋት ይውሰድ። መቀማት ከጀመራችሁ በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ባዶ ነው። የተደባደበ ይውጣ፣ እሱ ሌላ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
በዚህ አልስማማም። ልጆች ባሉበት ግቢ ማስቲሽ? ጠዋት መልሶ መስጠት ራሱ ምን ማለት ነው?

ከጎዳና የወጣሁ
ልጆች ካሉበት በሌላ በር ይግቡ። አስቢው እስኪ፣ ካልሰጠሁት ከገበያ ይገዛዋል። ድንኳን ውስጥ ካደረ ግን ቢያንስ ጠዋት ነርሷ ታገኘዋለች።

ነርስ ነኝ
ከልምዴ፣ እሱ ያለው ይሠራል። ግን የእናትየውም ነገር መታየት አለበት። ሁለት በር እናድርገው፣ ስብሰባው ላይ ተነጋግረን እንወስን። እዚህ በጽሑፍ አይፈታም።

የሳሪሱ ልጅ
ይሁን። ስብሰባው ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ የእድሩ ግቢ። እስካሁን የተያዘው ይሄ ነው። ደብተሩ ባለ ሱቋ ጋ፣ ረዳቷ የሁለት ልጆች እናት። ሕክምና ነርሷ፣ ከራሷ ጋር ለምታወራው ሴት "ዘመድ" ሁለት ሰው ተገኝቷል፣ የመጀመሪያው የአማኑኤል ጉዞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ላዳውን ዲሲዎች። አዲስ ለሚመጡ ልጆች ከጎዳና የወጣሁ። ፒክአፕ አልተዋጠልኝም። እንጨት ከሳሪስ ጣውላ ቤቶች ቁርጥራጭ እየለመንን ነው፣ ሁለቱ እሺ ብለዋል። ቅዳሜ አሁንም ክፍት ነው፣ የሚይዝ ካለ ይጻፍ።

የእድር ጸሐፊ
ልጆቼ፣ ድስት የሚያጥብ ሰው ስም አላየሁም። የእድሩ ሴቶች እኛ እንሠራለን እንጂ አናጥብም ብለዋል። ድስቱ በማግስቱ ታጥቦ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ሰኞ መጋዘኑን አልከፍትም።

አልተዋጠልኝም
ስፖኪዮዬን ከመለሳችሁልኝ አጥባለሁ።

ባለ ሱቋ
ጋሼ፣ ጻፉት። እሱ ሰኞን ያጥባል። የሌላውን ቀን ወንዶቹ ተመዝገቡ፣ ሳሙናው ከኔ ነው።